የማውሳ ባናማሊ ኩርፊያ

በየሰፈሩ አንድ ዋና አኩራፊ አለ። አገር አይመርጥም፣ ሃይማኖት አይለይም። ሌሎቻችን ስንቀየም ወይ እንጣላለን ወይ እንረሳለን፤ እሱ ግን ኩርፊያውን እንደ አባት ርስት ይጠብቀዋል። «የአኩራፊ ምሳው እራት ይሆናል» ይባላል፤ የእኛ ሰፈሩ አኩራፊ ግን እራቱንም ለነገ ቁርስ ሲያስተላልፍ አይቻለሁ።

እዚህ ፑሪ፣ በባሕር ጠረፍ ባለችው የቤተ መቅደስ ከተማ፣ በታላቁ ጎዳና ዳር፣ ይህን ማዕረግ የያዙት አከራዬ ክቡር ባናማሊ ካር ናቸው። እንደ ሰፈሩ ልጆች እኔም «ማውሳ» እላቸዋለሁ፤ የአክስት ባል ማለት ነው። ፀጉር አስተካካያቸው ከኋላ የመጣ ሰው አስቀደመባቸውና ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ፀጉራቸውን ትከሻቸው ድረስ አወረዱት። አንድ ጊዜ ደግሞ ማዕበል የአንድ እግር ጫማቸውን ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩን አያነጋግሩትም፤ በዳርቻው ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ከተማው ያዞራሉ።

አምላካቸውንም አልማሩ። አንድ ዓመት በሠረገላው በዓል፣ አምላኩ ጃጋናት፣ ወንድሙና እህቱ የተጫኑባቸው ሦስቱ ሠረገሎች ከቤተ መቅደሱ ወጥተው በገመድ ሲጎተቱ፣ የጃጋናት ሠረገላ የማውሳ ደጃፍ ሳይደርስ ፀሐይ ጠለቀች። ከጠለቀች ወዲያ ሠረገላ አይጎተትም፤ ባለበት ያድራል። ማውሳ «ቤቴን ያውቀዋል» ብለው መስኮታቸውን ዘጉ። በማግስቱ ሠረገላው ሲደርስ ግን መስኮቱ ተከፈተ፤ መዳፋቸውን ገጥመው ሲያለቅሱ አየኋቸው።

«ኩርፊያ ከላይ የመጣ ነው» ይላሉ ሲከራከሩ። «ጌታ ጃጋናት ወንድምና እህቱን ይዞ ሲወጣ ሚስቱን ላክሽሚን ቤት ጥሏት አይደል የሚሄደው? እሷስ ዝም ትላለች? ተከትላ ሄዳ ከሠረገላው እንጨት ታሰብራለች። ሲመለስ ደግሞ በሩን ትዘጋበታለች። ራሳጎላውን ይዞ ደጅ ካልጠና ማን ሊያስገባው!» ራሳጎላ በስኳር ውሃ የራሰ የአይብ ጣፋጭ ነው።

ሚስታቸው ሱሎቻና ሩዝ እየለቀሙ፣ «እሷ በዓመት አንዴ ነው የምታኮርፈው» አሉ። «እርስዎ ግን ቋሚ ተቀጣሪ ነዎት።»

«ይኸው ተናገረች!» አሉና ማውሳ እስኪመሽ ትንፍሽ አላሉም።

እኔን ግን አኩርፈውኝ አያውቁም። ከአገሬ ለማስተማር መጥቼ እቤታቸው ስኖር ዓመታት አልፈዋል። እንስራቸውን ሰበርኩ፤ ፈገግ አሉ። ቁልፍ ይዤ ሄጄ በዝናብ ደጅ አስቆምኳቸው፤ ፈገግ አሉ። «ምን ታድርግ፣ እንግዳ ናት» ይሉና ሻይ ያስቀዱልኛል። ቤተ መቅደሱ የእምነቱ ተከታይ ያልሆነ ሰው አያስገባም። ያን ከመጀመሪያው ተቀብዬዋለሁ፤ ደግሞም ጌታው በዓመት አንዴ እንደ እኔ ያለው ሁሉ እንዲያየው ራሱ ወደ መንገድ ይወጣል። የማውሳ ፈገግታ ግን የማይከፈት በር ሆነብኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የሚቀየመኝ ሰው አልነበረኝም፤ ይህ ያመኝ ነበር።

ዘንድሮም በሠረገላው ቀን ሰገነታቸው ላይ ከጎናቸው ወንበር አዘጋጁልኝ፤ ከነዣንጥላው። ውሃ ልግዛ ብዬ ስወርድ ሕዝቡ ይዞኝ ሄደ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ክንዴን ጨብጣ «ምን ትገተሪያለሽ? ያዥ እንጂ!» ብላ ገመዱን እጄ ላይ አደረገችው። ውፍረቱ ክንድ ያህላል። ከበሮው ተመታ፣ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ጮኸ፣ ገመዱ ተወጠረ፤ ያ ሁሉ እንጨት ከኋላዬ ሲያቃስት ሰማሁ። እኔም ጮህኩ። ወንበሩን ረሳሁ፣ ዣንጥላውን ረሳሁ፣ ማውሳን ረሳሁ። በሰገነታቸው ሥር ሳልፍ እንኳ ቀና አላልኩም።

አመሻሽ ላይ መዳፌ ተልጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ተመለስኩ። «ማውሳ! ጎተትኩ እኮ!» አልኩ ከደረጃው ሥር።

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ሱሎቻና ወደ እኔ ወረዱ። «አኩርፈዋል» አሉኝ።

«ደግሞ ማንን?»

«አንቺን ነዋ! ቀኑን ሙሉ ወንበርሽን ለሰው ሲከለክሉ ዋሉ። ከታች ስታልፊ ስምሽን ቢጠሩ፣ ቢጠሩ... ዞር ብለሽ አታይም?»

ከበሩ ኋላ የማውሳ ድምፅ መጣ። «ንገሪያት! እንግዳ ብትሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር!»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ሱሎቻና ያዘንኩ መስሏቸው «ተይ፣ ያልፍላቸዋል» እያሉ ጀርባዬን አሻሹኝ። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ተነስቼ ማዕዘኑ ላይ ካለው ጣፋጭ ቤት ራሳጎላ በሸክላ ማሰሮ አስሞልቼ መጣሁና በሩን አንኳኳሁ።

«ንገሪያት፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም» አሉ ማውሳ።

ማሰሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሱሎቻና ቁልፋቸውን አውጥተው «ልክፈትልሽ?» አሉኝ።

«ይተዉት» አልኳቸው። በሩ ቶሎ እንዲከፈት አልፈለግሁም።