ሁለቴ የነጠረች ኳስ

እኛ ሰዎች የማንኛውንም ነገር መነሻ ሰፈራችን ካላገኘነው እንቅልፍ አይወስደንም፤ አይደል? ቤዝቦልን ማን ጀመረው ሲባል አሜሪካኖቹ እኛ ነን ይላሉ፤ የለም፣ ከእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ የመጣ ነው የሚልም አለ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ካናል ዊንቸስተር በምትባል ከተማ፣ ዌርሃውስ ውስጥ አብረውኝ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱት ጋሼ ወርቁ ግን ነገሩን ቆርጠውታል፦ "ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ ግርግር አለ። ታዲያ የገና ጨዋታ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

እዚህ ኮሎምበስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታውን እንደ ጥንቱ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ጓንት የሚባል ነገር የለም፣ በባዶ እጅ ነው። ዳኛው ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዘራ ይዞ ይቆማል። የተመታችውን ኳስ በአየር ላይ ወይም አንዴ ብቻ ነጥራ ተጋጣሚዎቹ ከቀለቧት መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ዳኛው ካልታየው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ተመልካቹን ይጠይቃል! ተጫዋቹም ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገራል። ይህን ስሰማ "እንዲህ ከሆነማ ማን ሊያሸንፍ ነው?" ብዬ ስቄያለሁ።

ጋሼ ወርቁ ከቡድኖቹ ባንዱ ለሙከራ ገቡ። ያን ቀን ከቀናቸው የቡድኑን መለያ ሊለብሱ ነው። ያቺን መለያ እንዴት እንደተመኟት! በብሬክ ሰዓት እንኳ ካርቶን ጠቅልለው ሲወረውሩና ሲቀልቡ ነበር። እኛም ሚስታቸውን እትዬ አልማዝን ይዘን፣ መኪና ሞልተን ለድጋፍ ወጣን።

መጨረሻው ላይ የጋሼ ወርቁ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል፤ ከተጋጣሚዎቹ አንድ መቺ ብቻ ቢወጣ አለቀ። ኳሷ ተመታችና ወደ እሳቸው ሄደች። ሮጡ፣ ተንከባለሉ፣ አቧራው ውስጥ ቀለቧት። ስንት ጊዜ ነጠረች? ዳኛው አልታየውም። ወደ እኛ ዞረ።

"ዋን!" አልን በአንድ ድምፅ። እትዬ አልማዝማ "ማርያምን ዋን!" አሉ። አይተን ነው? ኧረ የት አይተን! ሰው ለወገኑ ካልመሰከረ ለማን ሊመሰክር ነው?

ጋሼ ወርቁ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡና ሁለት ጣታቸውን አሳዩ። "ቱ ታይምስ" አሉ። መቺው ሳይወጣ ቀረ፣ የተጋጣሚዎቹ ሯጮች ገብተው ነጥብ አስቆጠሩ፣ ተሸነፍን።

ያሸነፉት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷቸው። ይሄን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ስሠራ ለካ ሰውየውን አላውቃቸውም! እትዬ አልማዝ ግን "ምናለ ዝም ብትል?" እያሉ እስከ ቤት ነዘነዟቸው።

መለያዋን አላገኟትም። ቡድኖቹ ተመካክረው ዳኛ አደረጓቸው እንጂ! አሁን በረጅሙ ባርኔጣ ሲቆሙ ግርማቸው ያስፈራል። አልታይ ሲላቸውም እንደ ደንቡ ተመልካቹን ይጠይቃሉ። ሽማግሌውን ይጠይቃሉ፣ ሕፃኑን ሳይቀር ይጠይቃሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ያልፉናል።