ከውሃው በፊት ስብሰባ

የመንግሥት ፖሊሲ ከሚማር ሰው ጋር አንድ ግቢ ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማራኪ ሰፈር ከመላኩ ጋር ኖሬያለሁ። ማስተርሱን ሊጨርስ የተቃረበ፣ «ባለድርሻ አካላት» ሳይል እንዴት አደራችሁ የማይል ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጣ። ጀሪካናችንን ይዘን ስንሮጥ መላኩ ቀድሞን ቧንቧው አጠገብ ቆሟል።

«ቆይ! መጀመሪያ በፍትሐዊ አጠቃቀም ላይ እንስማማ» ብሎ ቧንቧውን ዘጋው።

«ምነው ልጄ፣ ውሃው ሊጠፋ ነውኮ!» አሉ አከራያችን እትዬ ዘሃራ።

«እትዬ፣ ሕዝብ ያልተወያየበት ነገር ዘላቂ አይሆንም።»

ምን እናድርግ? የተማረ ሰው ነው ብለን ተሰበሰብን። አራስ የሆነችው ሰናይት ትቅደም ተባለ፤ አጨበጨብን። መላኩ ቧንቧውን ሲከፍተው ግን አየር ብቻ ተነፈሰ። ሰናይት ባዶ ጀሪካኗን ይዛ እንባዋ መጣ።

እትዬ ዘሃራ ንዴታቸውን መዋጥ አቅቷቸው ክፍሉ ድረስ ተከተሉት። በሩን ሲከፍት ጢም ብለው የሞሉ ጀሪካኖች ከአልጋው ሥር ተደርድረዋል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

መላኩ ቅንጣት ሳያፍር መለሰላቸው፦

«እሱማ የሙከራ ትግበራ ነው።»