ሊፍት ሲለኝ ሌፍት ሰምቼ

በአንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል የባለሥልጣናት ዳስ አስፈርሼ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ችግር የለም። ያን ቀን ግን እኔ አልሳቅሁም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከጎንደር ተመድቤ ሽንፋ በምትባል የቆላ ከተማ የማስተምር የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ። ገና ልጅ ነኝ፤ ዲክሽነሪዬን ታቅፌ ነው የምተኛው ማለት ይቻላል።

በአካባቢው ወዳለው የመንግሥት እርሻ አዲስ ኮምባይነር፣ እያጨደ የሚወቃ ማሽን፣ መጣ። አብሮትም አንድ ፈረንጅ መካኒክ። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፤ እንግሊዝኛውንም እንደ እኔው ከትምህርት ቤት የለቀመው ነው። አስተርጓሚ ሲፈለግ "ቲቸሯ አለች አይደል?" ተባለ።

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ቀሚሴን ተኩሼ ሄድኩ።

ማሽላው ደርሷል። የአውራጃው ካድሬ ማሽኑን ሊያዩ ከመጡ ባለሥልጣናት እንግዶች ጋር ማሳው ዳር በተሠራ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ሾፌሩ ጋሽ አያሌው የሚባሉ የጎጃም ሰው ናቸው። እኔ ከጎናቸው መሰላሉ ላይ ቆሜያለሁ፤ ፈረንጁ ከታች አብሮን ይራመዳል።

ጥቂት እያጨድን እንደሄድን ከፊታችን ከማሽላው መሀል ትልቅ ድንጋይ ብቅ አለ። ፈረንጁ አንዲት ቃል ደጋግሞ ጮኸ።

እሱ "ሊፍት" ማለቱ ነበር። ማጨጃውን ወደ ላይ አንሱት።

እኔ የሰማሁት "ሌፍት" ነው። ግራ።

"ጋሼ፣ ወደ ግራ ይዙሩ።"

"በግራ እኮ ዳሱ ነው ልጄ።"

"ወደ ግራ ነው ያለው።"

ዞሩ።

እንግዶቹ ወንበር እየጣሉ ተበተኑ። ጋሽ አያሌው ፍሬን ይዘው አቆሙት፤ ግን የማሽኑ አፍንጫ የዳሱን ምሰሶ ነክቶት ኖሯል። የሳር ጣሪያው ቀስ ብሎ፣ በክብር፣ ወደ መሬት ወረደ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ከሳሩ ሥር መጨረሻ የወጣው ካድሬው ነው።

"ወደ ግራ ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጓድ።"

"ይኼ አሻጥር ነው።"

ይህችን ቃል በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃታል። በእሷ የተነሣ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። እናቴ መርዶዬን ከማን እንደምትሰማ ማሰብ ጀመርኩ።

አስረዳሁ። አንደኛው ቃል ማንሣት ነው፣ ሌላኛው ግራ ነው። በእኛ ፊደል ቢጻፍ የሣልስና የኃምስ ልዩነት ነው፤ ለጆሮማ ከዚያም ያንሳል።

ካድሬው አላመነኝም። "ሁለቱንም ቃል ይበልና ልስማ" አለኝ።

ለፈረንጁ ነገርኩት። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ሌፍት" አለ።

ቀጥሎም፣ "ሌፍት።"

"እንደገና ይበል።"

"ሌፍት። ሌፍት።"

"አንድ ናቸው እኮ" አለ ካድሬው፣ ግራ ገብቶት።

ይኼኔ ጋሽ አያሌው ከማሽኑ ወንበር ላይ ሆነው፣ "እኛማ ጓድ፣ አብዮቱ ወደ ግራ ነው ሲባል እየሰማን፣ ትክክል መስሎን ነው የዞርነው" አሉ።



እኚህ ሰውዬ ሁለታችንንም ጨረሱን አልኩ በልቤ።

ካድሬው ሳቀ። እሱ ከሳቀ በኋላ ሌላውም ሳቀ፤ ያኔ ሳቅም በተዋረድ ነበር። ማሽኑን ዞሮ አየው። ድንጋዩን ስተነው አልፈናል፤ ከማጨጃው አንድ ጥርስ እንኳ አልጎደለም።

"በይ ሂጂ፣ ልጆችሽን አስተምሪ" አለኝ።

ሄድኩ። ከማሳው ራቅ እንዳልኩ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በኋላ ስሰማ ፈረንጁ ሌላ አስተርጓሚ አልጠየቀም። ማጨጃው እንዲነሣ ሲፈልግ ጣቱን ወደ ሰማይ፣ እንዲወርድ ሲፈልግ ወደ መሬት ይቀስር ነበር። ማሽላው በሰላም ገባ።

ለመሆኑ ሰውየው ጣት እያለው እኔን ምን አስጠራው?