ጧፉን ያየው የብረት እጅ

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ግን እናንተ፣ ሁሉን መርምሮ አጠገቡ የቆመችውን ሴት የማይጠይቅ ምሁር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የአንዱን እንዲህ ያለ ኢንጂነር ወርክሾፕ እጠርግ ነበር።

ኢንጂነሩ ልጆች ጌም የሚጫወቱባቸውን ሁለት ርካሽ ጆይስቲኮች ጠረጴዛ ላይ አሰረ። ግንባራቸው ላይ ያለው ካሜራ ለእኛ የማይታየንን የሙቀት ብርሃን ያያል፤ ሁለት ሲሆኑ እንደ ሰው ዓይን ርቀትም ይለያሉ። በእነሱ እየተመራ አንድ የብረት እጅ፣ ይህንኑ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ መብራት የተለጠፈበትን ጣሳ ባለበት ሄዶ ይጨብጣል። የከሰል ፍም ይዤ ሳልፍ ግን ወደ እኔ ሲዞር አይቻለሁ። ማን ጠየቀኝ? እኔስ መቼ ደፍሬ!

የብረት እጁ በሚመረቅበት ቀን የንስሐ አባቴ መምሬ ጧፍ አብርተው ሊባርኩ መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ሲጀምሩ የብረት እጁ ጣሳውን ትቶ ጧፉን ተከተለ። ጧፉ ደግሞ ከጢማቸው ሥር ነው።

«አያችሁ፣ መስቀል ሊሳለም ነው!» አለ ኢንጂነሩ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

የብረቱ ጥፍር ተከፈተ፤ አንድ ስንዝር ቀረው። በሰው ፊት ማስነጠስ የማፍረው እኔ ዘልዬ የካህን ጧፍ እፍ ብዬ አጠፋሁ!

እጁ ቀጥ አለ። ኢንጂነሩ የያዘው ወረቀት ላይ አቀረቀረ። መምሬ ዓይናቸውን ገልጠው ጥፍሩን አዩና ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ጸሎቱን ያለ ጧፍ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን ልጄ፣ ይህ እጅ ሌላም የሚወደው ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሪ።»