ድምፅ የሌለው ካቢኔት

ልጁን ከማድመጥ ይልቅ የካቢኔት ማጠፊያ የሚቀይር አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጭሮ ውስጥ አንድ አለ፤ እኔ ነኝ። ልጄ ሐና በደሳ ከተማ ሄዳ መሥራት ትፈልጋለች። በከለከልኳት ቁጥር የኪችኑን ካቢኔት ድርግም አድርጋ ትዘጋዋለች። «ቤት ሥርዓት አለው!» ብዬ ቀስ ብለው የሚዘጉ ማጠፊያዎች ራሴ ገጠምኩ።

ዛሬም ጠየቀችኝ፤ «አይሆንም» አልኳት። የካቢኔቱን በር ወረወረችው። እሱ ግን መሃል ላይ ቆም ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ እያዘገመ ተዘጋ።

«ተናደድሽ እንዴ?»

«ኧረ ምንም፣ አባባ። በሩም እኮ አልጮኸም» ብላ ወጣች።

ሲጮህ ቢያንስ የልቧን አውቅ ነበር። ማጠፊያዎቹን ልፈታ ካቻቢቴ ሳነሣ ደጃችን ላይ ባጃጅ ቆመ።

«ሐና፣ እስኪ ነይና በሩን አንዴ ድርግም አድርጊው!»

ባጃጁ ሐናን ይዞ ተነሥቶ ሄደ።