በጃክ በኩል የሚነጋገሩት ጎረቤቶቼ

ባልና ሚስት ሲኳረፉ በልጅ በኩል መልእክት መላላካቸው የታወቀ ነው። ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡስ? የሀና ማርያም ሰፈር ጎረቤቶቼ ጋሽ በላቸውና እትዬ ዘነበች መላ አግኝተዋል፤ በውሻቸው በጃክ በኩል ይነጋገራሉ።

ባለፈው እሑድ አንድ የድሮ ደጃዝማች ቤትና የአትክልት ቦታ ለጎብኚ ተከፈተ ሲባል አብሬያቸው ሄድኩ። በምን እንደተኳረፉ ሁለቱም ረስተውታል፤ ኩርፊያው ግን በክብር ቀጥሏል።

«ጃክ፣ ጌታህን ኮፍያህን አድርግ በለው፤ ፀሐዩ በርትቷል» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሰገነቱን እያዩ።

«ጃክ፣ ለራስሽ ጥላ ያዢ በላት» አሉ ጋሽ በላቸው፣ ወደ ጽጌረዳው ዞረው።

ጃክ ምን ያድርግ? አንዴ ባልን አንዴ ሚስትን ሲያይ ቆየና፣ ድመት ብቅ ስትል ገመዱን በጥሶ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«ዘነበች! በጓሮ በኩል ዙሪ!»

«አንተ በሩን ያዝ! ሩጥ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?»

ጋሽ በላቸው ሮጡ፤ አዳልጧቸውም ገና ውሃ የጠጣው አትክልት መሀል ተዘረሩ። ጃክን ያገኘነው ኮክ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ነው። ሁለቱም አጠገቡ ዘፍ አሉ። እትዬ ዘነበች በጭቃ የተለወሰውን የባላቸውን ሱሪ አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«በሠርጋችንም ቀን ወድቀህ ነበር!»

«አንቺ ገፍተሽኝ ነዋ!»

ወደ ቤት ስንመለስ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይን እስክናልፍ ወሬያቸው አልተቋረጠም። ጃክን ዞር ብሎ ያየው የለም። ከሥራ ያረፈበት የመጀመሪያ ቀኑ ስለሆነ እኔም አላናገርኩትም።