የገራዶ ፓምፕ መመሪያ

[ኮምቦልቻ፣ በደርግ ዘመን፣ አንድ የጥገና ጋራዥ። ሸረፈዲን ሃያ ዓመት የውኃ ፓምፕ የጠገነ መካኒክ ነው። እሱ ለገራዶ አትክልት አምራቾች የጻፈውን የፓምፕ መመሪያ ይዞ ቀለሙ የሚባል የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ መጥቶበታል። ሸረፈዲን ገና ከሰላምታው ደሙ ፈልቷል።]

ሸረፈዲን፦ ወላሂ አልሰማህም! መፍቻ ጨብጠህ የማታውቅ አንተ የኔን ጽሑፍ ልታርም?

ቀለሙ፦ ኧረ አላርምም ጋሽ ሸረፈዲን። አልገባኝም ነው ያልኩት። «ሞተሩን አስነሳ» ይላል። ተጋድሞ ነበር እንዴ?

ሸረፈዲን፦ ያ ረቢ! [ሆዱን ይዞ ይስቃል] እጀታውን አዙረህ እንዲሠራ አድርግ ማለት ነው!

ቀለሙ፦ እጀታ የሚል የለም እኮ።

ሸረፈዲን፦ ሞተር የሚያውቅ ያውቀዋላ!

ቀለሙ፦ እሺ። «አየሩን አስወጣ»ስ? መስኮት ከፍቶ ነው?

ሸረፈዲን፦ ከፓምፑ ሆድ ነው እንጂ! እንዳንተ ያለ ደንቆሮ ገራዶ ውስጥ አይገኝም!

ቀለሙ፦ ገራዶዎችማ ሞተሩን ስምንት ሆነው ተሸክመው ቀጥ አርገው አቆሙት። ከዚያ የፓምፑን ቤት መስኮት ወለል አርገው ከፈቱ። ይኸው አራት ቀን ውኃ የለም፤ የነኡሙሰልማ ጎመን እየጠወለገ ነው።

ሸረፈዲን፦ [ሳቁ ጠፋ፤ ኩራቱ ግን አልጠፋም] ጥፋቱ የነሱ ነው! ጽሑፌ ፍንትው ያለ ነው። መጻፍ ያለበት ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ሥራውን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ!

ቀለሙ፦ «ጽሑፌ ግልጽ ነው» ብለው ይፈርሙልኛል?

ሸረፈዲን፦ በሁለት እጄ! [ይፈርማል] ለማን ነው ግን?

ቀለሙ፦ ለአጣሪ ኮሚቴው። ፓምፑ ለምን ቆመ ብለው ጉዳዩን ይዘዋል። ጽሑፉ ግልጽ ካልሆነ የአጻጻፍ ችግር ነው፤ ይታለፋል። ግልጽ ከሆነ ግን ፀረ አብዮት አሻጥር ነው። መጀመሪያ የፓምፑን ኃላፊ ኡሙሰልማን ይጠይቃሉ፤ ቀጥሎ ፓምፑን ጠግኖ የላከውን።

ሸረፈዲን፦ [ላብ አጠመቀው] የላከው... እኔ አይደለሁም እንዴ?

ቀለሙ፦ እርስዎ ነዎት።

ሸረፈዲን፦ ቀለሙ ወንድሜ፣ ያችን ወረቀት ቅደዳት! ሌላ ጻፍ። «ሸረፈዲን ሞተር ያውቃል፤ ማስረዳት ግን አይችልም» በል!

ቀለሙ፦ እርስዎ ቢጽፉት አይሻልም? ጉዳዩን የሚያውቁት እርስዎ...

ሸረፈዲን፦ አንተ ሰው ልታስገድለኝ ነው? እኔ ከጻፍኩትማ ለማን ይገባዋል!